ያልተገራ ፈረስ ስንት ያወጣል?

ዛሬ ይዤ የመጣሁት የስንዴም የቡናም ዋጋ አይደለም፤ የፈረስ ነው። "የእህልና የቡና ቻናል ላይ ፈረስ ምን ይሠራል?" የምትሉ አትጠፉም። መልሱ ቀላል ነው። መጋዘናችሁ የገባው እህል የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በምን እንደመጣ ጠይቁ። ሲኖትራኩ የሚጭነው ከመጋዘን በር ላይ ነው። ከማሳ እስከ መጋዘን በር ያለውን መንገድ የሚሠራው ጋሪ፣ አህያና የሰው ትከሻ ነው። ቡናም ላይ ያው ነው። እሸቱ በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ይቦካል፣ ደረጃውም ይወርዳል። መኪና በማይገባበት ቦታ ደግሞ እሸቱን የሚያወጣው የጋማ ከብት ነው። ስለዚህ የፈረስ ዋጋ የኛም ዋጋ ነው፤ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም እንጂ።

አገራችን ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረስ አላት። ግን ስለ ፈረስ ስናወራ ልባችን ይቀድማል። ነገሥታቱና አርበኞቹ በፈረስ ስማቸው ነበር የሚጠሩት፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ አይቶ ልቡ የማይዘል የለም። ይሄ ጥሩ ነገር ነው። ገበያ ላይ ግን ልብ ሲቀድም ኪስ ይጎዳል። ሰሞኑን አንድ የማውቀው ውሳኔ ላይ ይሄን በደንብ አይቻለሁና ስሌቱን እስከ መጨረሻው አብረን እንሂድበት።

ጉዳዩ እንዲህ ነው

የምሠራው አርሲ ውስጥ ነው። ከደጋው ስንዴና ገብስ፣ ከጎሎልቻ በኩል ደግሞ በወቅቱ ቡና አገናኛለሁ። ዴራ አካባቢ እህል ከማሳ ወደ መጋዘን የሚያመላልስልኝ አንድ ባለጋሪ ልጅ አለ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ጋሪው የራሱ ነው። ፈረሱ ግን ክረምት መውጫ ላይ በሁለት ቀን ታሞ ሞተበት። ኅዳር ገባ፣ አጨዳ ደረሰ። ጋሪ አለ፣ ጭነት አለ፣ የሚጎትት የለም። እኩል አውጥተን አንድ ፈረስ ለመግዛት ተስማማን። እሱ እጁ ላይ ያለው 15,000 ብር ብቻ ነበር።

በቆጂ ወጣን። በቆጂ የምታወጣው ሯጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፈረስም ታወጣለች። ሁለት ፈረስ ለየን። አንዱ ዳማ፣ ጎረምሳ፣ ልጓም አፉ ገብቶ የማያውቅ፤ 30,000 ተባለ። ሌላው ቡላ ሰንጋ፣ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ጋሪ የለመደ፤ 60,000። (ዋጋዎቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። እናንተ የየአካባቢያችሁን ዋጋ ተክታችሁ አስሉት፤ ዋናው አካሄዱ ነው።)

ልጁ ዳማውን አይቶ ዓይኑ አልተነሳም። ውብ ነበር፤ አንገቱ የቆመ፣ ግንባሩ ላይ ቦራ ያለው። ደግሞ የ30,000 ግማሽ 15,000 ነው። ልክ በኪሱ ያለው።

መጀመሪያ አፉን

ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። "ስንት ዓመቱ ነው ጋሼ?" አልኳቸው። "ሦስት" አሉኝ። አልዋሹም። እሳቸው የሚቆጥሩት በክረምት ነው። ግንቦት ላይ የተወለደ ፈረስ ወዲያው አንድ ክረምት ያያል። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ኅዳር ላይ ሦስት ክረምት አይቷል፤ ዕድሜው ግን ሁለት ዓመት ተኩል ነው።

ጥርስ ይህን ይነግራችኋል። ፈረስ የፊት ጥርሱ ከላይ 6 ከታች 6 ነው። የመሐል ሁለቱ የወተት ጥርሶች ወድቀው ዋናዎቹ ብቅ የሚሉት በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ቀጥለው ያሉት በ3 ተኩል፣ የዳር የዳሮቹ በ4 ተኩል ይወጣሉ። 5 ዓመት ሲሞላው አፉ ሙሉ ነው። የወተት ጥርስ ትንሽ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሥሩ ጋ ይጠባል። ዋናው ጥርስ ሰፊና ቢጫ ቢጫ ይላል። ዳማውን ከንፈሩን ገለጥ አድርገን ስናይ የመሐሎቹ ብቻ ናቸው ገና ከድድ እየወጡ ያሉት።

ይሄ ስድስት ወር ልዩነት ምን ያደርጋል? ብዙ ያደርጋል። የፈረስ የእግር አጥንት ቶሎ ይጠናል፤ የጀርባው አጥንት ግን አድጎ የሚጨርሰው 5 እና 6 ዓመት ላይ ነው። በ3 ዓመቱ ቀላል ነገር ያለማምዱታል፤ ሙሉ ጭነት ግን ከ4 ዓመት በፊት ማስጎተት ፈረሱን ከወለዱ መብላት ነው። ፈረስ በደህና ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል። በሁለት ተኩል ዓመቱ አራት አምስት ኩንታል የተጫነበት ግን በሰባት ዓመቱ ሽማግሌ ይሆናል።

ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው የነገሩን። "ይሄ ገና ልጅ ነው። ልጅ አይጫንም" አሉ። ሻጭ እንዲህ ሲል ስሙት።

የእሸት ስሌት

እናንተ ላኪዎች፣ እሸት ቡና በኪሎ ከንጹህ ቡና ርካሽ ነው ብላችሁ ትደነቃላችሁ? አትደነቁም። 1 ኪሎ ንጹህ ቡና ለማውጣት በግምት 6 ኪሎ እሸት እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ። ላዩ ላይ መፈልፈያ፣ ማድረቂያ፣ የሰው ጉልበትና የሚባክን ትጨምራላችሁ። ከዚያ ነው ዋጋውን የምታወዳድሩት። ያልተገራ ፈረስም እሸት ነው። 30,000 የፈረሱ ዋጋ አይደለም፤ የእሸቱ ዋጋ ነው። ወደ ንጹህ እንቀይረው።

ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 250 ኪሎ ለሚመዝን የኛ አገር ፈረስ በቀን 5 ኪሎ፣ በዓመት 18 ኩንታል ገደማ ማለት ነው። ዳማው ከ2 ተኩል እስከ 4 ዓመት ለመድረስ አንድ ዓመት ተኩል ይቀረዋል፤ 27 ኩንታል መኖ። ድርቆሽና ጭድ ተደባልቆ በኩንታል 1,000 ብር ብናስበው 27,000 ብር። የሚገራው ሰው 6,000። ክትባት፣ ማኮላሸት፣ የሆድ ትል መድኃኒት፣ ሰኮና ማስተካከል ሌላ 3,000። ከ30,000 ጋር ስትደምሩት 66,000 ብር።

ቡላው 60,000 ነው፤ ነገ ጠዋት ይጎትታል።

ይሄ ሁሉ ደግሞ ዳማው አልሞተም፣ አላነከሰም፣ እምቢተኛ አልሆነም ብለን ነው። ልጁ አንድ ዓመት ተኩል ያለ ሥራ የሚቀመጥበትን አልቆጠርኩም። ሁለት አጨዳ ያመልጠዋል። ያንን ከጨመራችሁበት ርካሹ ፈረስ ገበያው ውስጥ ካሉት ሁሉ ውዱ ነው።

አንድ ፈረስ፣ ሁለት ዋጋ

ታዲያ ያልተገራ ፈረስ መግዛት ሞኝነት ነው ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ያው ዳማ ሽማግሌው ግቢ ቢቆይ ስሌቱ ይገለበጣል። ሽማግሌው የግጦሽ ሜዳ አላቸው። የገብስ ጭዱ የራሳቸው ነው። ቢበዛ ለበጋው ማሟያ 5,000 ብር ያወጣሉ። የሚገሩት ራሳቸውና ልጆቻቸው ናቸው። ለሕክምናው 3,000 ጨምሩ። 30,000 ተነስቶ 38,000 ላይ የተገራ የአራት ዓመት ፈረስ አላቸው። በ60,000 ሲሸጡት የሚያተርፉት የሣራቸውንና የጊዜያቸውን ዋጋ ነው፤ ይገባቸዋልም።

ስለዚህ ጥያቄው "ፈረሱ ጥሩ ነው ወይ?" አይደለም። ዳማው በጣም ጥሩ ፈረስ ነው። ጥያቄው "ሣር ያለው ማን ነው? ጊዜ ያለው ማን ነው? መግራት የሚችለው ማን ነው?" ነው። ሦስቱም ያለው ሰው ጎረምሳ ይግዛ። አንዱ የጎደለው ሰው የጎደለውን በገንዘብ ይገዛዋል፤ ያኔ ደግሞ ርካሽነቱ ይቀራል።

መግራትም የአንድ ሳምንት ግብግብ አይደለም። መጀመሪያ እጅ ማስለመድ፣ ገመድ ይዞ መምራት፣ አራቱን እግር ማንሳት ነው። ከዚያ ሆዱ ላይ መቀነቻ ማሰር፣ የጋሪ ዕቃ ያለ ጋሪ ማልበስ፣ ቀጥሎ ከኋላው ግንድ ወይም አሮጌ ጎማ ማስጎተት፣ ድምፁን እንዲለምድ። ከዚያ ባዶ ጋሪ፣ በመጨረሻ ቀላል ጭነት። የማይደነግጥ ፈረስ እንኳን ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። አስፋልት ላይ ሲኖትራክ ጡሩንባ ሲነፋበት ቆሞ የሚያሳልፍ እስኪሆን ደግሞ ከዚያም በላይ። አጨዳ መሐል ላይ ይሄን የሚያደርግ ባለጋሪ የለም። ያለው አማራጭ በዱላ ማሳጠር ነው፤ በዱላ የተገራ ፈረስ ደግሞ አንድ ቀን ጋሪውን ከነጭነቱ ቦይ ይከተዋል።

ከደጋ ወደ ሞቃት ሲወርድ

ሌላው ማንም ዋጋ ላይ የማይጨምረው ነገር አየር ነው። ከበቆጂ ወደ ዴራ ስትወርዱ ከብርድ ወደ ሙቀት ነው። የጋሪ ፈረሶችን የሚፈጀው በቆዳ ሥር በመስመር እየተከተለ የሚያብጥና የሚቆስል የፈንገስ በሽታ የሚበረታው ሞቅ ባለ እርጥብ አካባቢ ነው፤ ብርዳማው ደጋ ላይ ብዙም አይታይም። የሚገባው በቁስል ነው። የጋሪ ዕቃው የላጠው ትከሻ፣ ልጓም የቆረጠው አፍ፣ ዝንብ የሚያርፍበት ቁስል ሁሉ በር ነው። ከያዘ በኋላ ማዳኑ ከባድ ነው።

የአፍሪካ ፈረስ በሽታም አለ፤ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ናቸው የሚያስተላልፉት፣ የሚከፋውም ዝናብ መውጫ ላይ ነው። አለማቀፍ ችግር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ክትባቱን እዚሁ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ፈረሱ ተከትቧል? መቼ? በሽታውን አይቶ የማያውቅ ጎረምሳ ፈረስ ሳይከተብ ወደ ሞቃት ቦታ ማውረድ ገንዘብ ወንዝ ላይ መጣል ነው። ሰንጋ ለማድረግ ካሰባችሁም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አይረሳ፤ ቁስሉ አፈር ይነካል።

ለዳማው የሚሟገት ነገር

ፍትሐዊ ልሁንና ሌላውንም ወገን ልንገራችሁ። የተገራ ፈረስ ከሰው ልማድ ጋር ነው የሚመጣው። ሻጩ ለምን ይሸጠዋል? ይህ ጥያቄ ሁሌም አለ። ጎረምሳ ፈረስ የተደበቀ ታሪክ የለውም፤ የምታዩት ያው ነው። ያበላሸው ሰው የለም። እጃችሁ ላይ ካደገ ድምፃችሁን ያውቃል። ዳማው ላይ ልጁ ያየው ይሄንን ነው፤ አልተሳሳተም።

ቡላውን ስለዚህ በዓይን አላመንነውም። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው አልን። ጠዋት ሳይሠራ፣ ሰውነቱ ሳይሟሟቅ አስወጣነው፤ የሚያነክስ ፈረስ ሲሞቅ ይደብቃል። አራቱን ሰኮና አነሳን። ጀርባውና ትከሻው ላይ ነጭ ፀጉር ፈለግን፤ ሌላ ቀለም ባለው ፈረስ ላይ በቦታው ብቻ የወጣ ነጭ ፀጉር የድሮ ቁስል ምልክት ነው። አንድ ቦታ ትንሽ አለበት፣ ድኗል። ቆዳውን በእጃችን ዳሰስን፣ እብጠት የለም። ጋሪ አሰርንና አምስት ኩንታል ጫንን። ዳገት አስወጣነው፣ ቁልቁል አወረድነው፣ ወደ ኋላ አስሄድነው። መንገድ ዳር አሥር ደቂቃ አቆምነው፤ ሁለት መኪና አለፈ፣ ጆሮውን ብቻ ነው ያዞረው። እነዚህን የማያስሞክር ሻጭ ካጋጠማችሁ ደህና ዋሉ ብላችሁ ሂዱ።

"የኔ ግማሽ የኔ ይሁን"

ስሌቱን ለልጁ አስረዳሁት። ሰማኝ። ገባው። ከዚያ ያለኝ ነገር ስሌቴ ውስጥ ያልነበረ ነው።

"ጋሼ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ዳማውን ብገዛ የኔ ግማሽ የኔ ነው። ቡላውን ብገዛ 15,000 ያንተ ዕዳ አለብኝ። ዕዳ ያለበት ፈረስ የኔ አይደለም። በዋጋ ባንስማማ እምቢ ማለት አልችልም።"

ይሄን አስቡት። ደላላ ነኝ፤ የሚያመላልሰው የኔን እህል ነው። ፈረሱ ላይ ዕዳ ከያዝኩበት በኩንታል የምከፍለውን ዋጋ የምወስነው እኔ ብቻ እሆናለሁ። ርካሹ ፈረስ ለእሱ ርካሽ ስለሆነ አይደለም የሚፈልገው፤ ከሰው እጅ ነጻ ስለሚያደርገው ነው። ገበሬው ከነጋዴ ብድር ላለመውሰድ ምርቱን ያለ ጊዜው የሚሸጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ "አያውቁም" እንላለን። ያውቃሉ። የሚፈሩትንም ያውቃሉ።

ገንዘብ የሌለው ሰው ያልተገራ ፈረስ ሲገዛ ያጠረውን ገንዘብ በጊዜ እየከፈለ ነው። ችግሩ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቅበት ጊዜም የለውም። መጋቢት ላይ ልጅ ይወለዳል።

ስለዚህ ቡላውን ገዛን፤ ውሉን ግን ፍርሃቱን እያየን ጻፍነው። አንደኛ፣ የማመላለሻ ዋጋ የአካባቢው ጋሪዎች የሚከፈላቸው ዋጋ ነው፤ ለኔ ተብሎ አይቀነስም። ሁለተኛ፣ ከሚያመላልሰው እያንዳንዱ ኩንታል 10 ብር ለዕዳው ይያዛል። በቀን ስድስት ጊዜ አምስት አምስት ኩንታል ቢሄድ 30 ኩንታል ነው፤ 50 የሥራ ቀን 1,500 ኩንታል፣ 15,000 ብር። በአንድ አጨዳ ያልቃል። ሥራ በሌለበት ቀን ክፍያ የለም፣ ወለድም የለም። ሦስተኛ፣ የኔን ጭነት ብቻ የማመላለስ ግዴታ የለበትም፤ የሌላ ነጋዴ እህልም ቢጭን 10 ብሩ ያው ነው። አራተኛ፣ ፈረሱ ያለ እሱ ጥፋት ቢሞት የቀረው ዕዳ ግማሹ ይቀርለታል፤ አደጋው የሁለታችንም ነው። ሁለት ሽማግሌ ምስክር ሆነው ተፈራረምን።

እስከ ትናንት 640 ኩንታል አመላልሷል። ከዕዳው 6,400 ብር ወርዷል፤ በደብተሩ ላይ እሱም ይጽፋል፣ እኔም እጽፋለሁ።

ለማኅበራት፣ ለነጋዴዎችና ለላኪዎች

ዩኒየኖች፦ አባሎቻችሁ መኪና በማይገባበት የሚያመላልሱት በጋማ ከብት ነው። ከአጨዳ በፊት የክትባት ቀን ከወረዳው እንስሳት ጤና ጋር ማዘጋጀት በመሐል አጨዳ ከሚቆም ጋሪ ይረክሳል። ደጋ ያሉ አባላት ሣር አላቸው፣ ሞቃት ቦታ ያሉት ሥራ አላቸው። ደጋው ላይ አድጎና ተገርቶ አራት ዓመት የሞላው ፈረስ ለአባላት የሚተላለፍበት መንገድ ብታበጁ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ነጋዴዎች፦ ለባለጋሪ ገንዘብ ስታበድሩ የማመላለሻውን ዋጋ ከብድሩ ለዩት። የተቀላቀለ እንደሆነ ዛሬ ብታተርፉም ነገ የሚጭንላችሁ አታገኙም።

ላኪዎች፦ እሸት ለምን ዘግይቶ እንደደረሰ ስትጠይቁ ስለ መንገዱ ብቻ አትጠይቁ፤ ስለሚያነክሰው ፈረስም ጠይቁ።

ጎረምሳ ፈረስ ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ ይህቺን ያዙ። አፉን አይታችሁ ዕድሜውን በጥርስ እንጂ በክረምት አትቁጠሩ። እስከ አራት ዓመቱ የሚበላውን አስሉ። የሚገራውን ሰው በስም ጥሩ፤ መጥራት ካልቻላችሁ አትግዙ። ከየት ወደ የት እንደምታወርዱት አስቡ። በዚህ ዓመት ሥራ የምትፈልጉበት ከሆነ ደግሞ ከጅምሩ ዓይናችሁን ወደ ተገራው አዙሩ።

ዳማው እዚያው ሜዳው ላይ ነው። ሽማግሌው አራት ዓመት ሲሞላው ከማንም በፊት ለልጁ እንደሚነግሩት ቃል ሰጥተውታል። ቀብድ አልተከፈለም፤ ያላደገ ፈረስ ላይ ቀብድ አይጣልም። ያኔ ልጁ ዕዳውን ጨርሶ፣ ከቡላው ጋር ሁለተኛ ጋሪ ያስብ ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ ዋጋውን እሱና ሽማግሌው ይነጋገሩበታል፣ ያለ ደላላ።

የስንዴ፣ የገብስና የቡና ዋጋ ሰኞ ጠዋት። መልካም ገበያ።